ለነጭ ኮምፒውተር ነጭ ገመድ

ወንድም ጋሼ ለሰው ኮምፒውተር ይመርጣል። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ቀላል ሥራ ይመስላል። አንዱ ባለገንዘብ ወደሚሠራበት ሱቅ ይመጣና «ጌም የምጫወትበት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ማሽን ሥራልኝ» ይለዋል። ወንድም ጋሼ የትኛው ፕሮሰሰር ከየትኛው ማዘርቦርድ ጋር እንደሚስማማ፣ ስንት ራም እንደሚበቃ፣ የትኛው ግራፊክስ ካርድ በየትኛው ኬዝ ውስጥ ሳይታፈን እንደሚገባ እያሰላ ይጽፋል፤ ዕቃው ሲሟላ ቁጭ ብሎ ይገጣጥመዋል። አሥራ አንድ ዓመት ይኸንኑ ሲሠራ ኖሯል። ለራሱ ግን አንድም ቀን አልሠራም። ቤት ያለችው ኮምፒውተሩ ሰው ሰልችቷት የጣላት፣ ክዳን የሌላት፣ ስትነሳ እንደ ሽማግሌ የምታስል ናት።

ሱቅ ውስጥ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ የቆየው ሁለት ዓመት ነው። ስሙን ያወጣለት ባለሱቁ ነው፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። እየቆየ ግን ወንድም ጋሼ ራሱ ቀልድ መሆኑን ረሳው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ እሱና እናታችን ወደሚኖሩበት ቤት ተመልሼ ገብቻለሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናታችን የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ ዓይኗ ሲደክም መርፌው ላይ ክር የሚያስገባላት ሰው አስፈለጋት፤ በኋላ ደግሞ የስፌት መኪናውን የሚረግጥላት። «ልጅቷ ትቅር፣ እሱ ይማር» ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም። ምናልባት ማንም አላለው ይሆናል፤ አንዳንድ ነገር ሳይባልም ይሆናል። እሱ ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ሲመጣ ግን «እንግዲህ እሷ ትመለስ» ያለ ሰው አልነበረም። ይኼን አስታውሳለሁ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዕቃ ከመንካቱ በፊት እጁን እንደ ሐኪም ይታጠባል። ራሙን ከማንሳቱ በፊት የኬዙን ብረት ይነካል፤ በሰው እጅ ላይ ያለች ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳትገድለው ነው። ደንበኛ አታልሎ አያውቅም። «ይኼ ለአንተ አይበቃም» ወይም «ይኼ ለአንተ ይበዛል» ሲል አንዴም ዋጋ አስቦ አይደለም። ለእናታችን መድኃኒት ረስቶ ገብቶ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ «አላውቅም» ማለት። ያቺ ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት ትውጣ? እኛ ቀርተን እሱ እንዲያውቅ ነበር የተላከው።

የኔ ሥራ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ኤሌክትሪኩን ለመላው ማሽን የሚያከፋፍል ፓወር ሰፕላይ የሚባል ሳጥን አለ። ከእሱ የሚወጡት፣ በሁለቱም ጫፍ የሚሰኩና የሚነቀሉት ገመዶች ሲገዙ ጥቁርና ጠፍጣፋ ናቸው። የነዚህ ውድ ማሽኖች ኬዝ ደግሞ ጎኑ መስታወት ነው፤ ሆድ ዕቃው ይታያል። ገንዘብ ያለው ሰው ሆድ ዕቃው እንኳ እንዲያምርለት ይፈልጋል። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ አንዱን ገመድ ይዞልኝ መጣና «ይኼን ልብስ ልታለብሺው ትችያለሽ?» አለኝ።

«ሰውም አልብሻለሁ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመድ አለብሳለሁ። በእያንዳንዷ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ብረት በቀጭን ወስፌ ከፕላስቲኩ አላቅቄ አወጣለሁ። ውስጡ ክፍት የሆነ የጫማ ክር የሚመስል ናይለን አለብሳታለሁ። የናይለኑን አፍ በእሳት አስይዤ እዘጋዋለሁ። ከዚያ ሽቦዋን ወደ ቀዳዳዋ እመልሳታለሁ። ትልቁ ገመድ ብቻ ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። አንዷ ሽቦ የጎረቤቷን ቤት ብትይዝ ማሽኑ ይቃጠላል። ከሳጥኑ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው ሥዕል ለእኔ አይነበብም፤ ስለዚህ ሳልነቅላቸው በፊት በእያንዳንዷ ላይ የተለያየ ቀለም ክር አስራለሁ፤ ስመልሳቸውም ክሩን እያየሁ ነው። በአራት ዓመት አንዲት ሽቦ ተሳስቼ አላውቅም።

ሱቅ ውስጥ ግን ገመዱን የሚያለብሰው ፕሮፌሰር ነው ይባል ነበር። ሰው ከሌላ ሰፈር ድረስ ለገመዱ ብሎ ይመጣል። ወንድም ጋሼ እየነገረኝ ይስቃል፤ ከዚያ ደግሞ ያፍራል።

«ዛሬ ብነግራቸው ‹የደንበኛ ዕቃ ቤትህ ወስደህ ታሠራለህ እንዴ› ይሉኛል። ትንሽ ታገሺ። የወርክሾፑ ኃላፊ የሆንኩ ቀን የራስሽ ጠረጴዛ ይኖርሻል። ደሞዝ ያለው። ስምሽ የሚጠራበት።»

አንድ ጠረጴዛ። ሌላ ነገር አልተመኘሁም። ቤት ውስጥ የምሠራው በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለምሳ ጠቅልዬ አነሳለሁ፣ ከምሳ በኋላ ዘርግቼ እጀምራለሁ። የማይጠቀለል ጠረጴዛ ነበር የምፈልገው።

የጥርስ ሐኪሙ የመጣው ባለሱቁ ሁለተኛ ወርክሾፕ ሊከፍት ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሦስት ክሊኒክ ያለው፣ ጌም ሲጫወት ሚስቱን የሚረሳ ሰው ነው አሉ። ባለሱቁ ወንድም ጋሼን ለብቻው ጠርቶ «ይኼ ሰው የከተማውን አፍ ሁሉ የሚያይ ሰው ነው። ያለ እንከን ካወጣህለት አዲሱ ወርክሾፕ ያንተ ነው» አለው።

ያን እሑድ ወንድም ጋሼ ወረቀቱን ዘርግቶ ዕቃ ሲመርጥ ዋለ። ጮክ ብሎ ካላወራ አይመርጥም፤ እኔና እናቴ እንሰማለን።

«ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ሁሉም ነጭ ይሁን› አለኝ። ፈጣኑን ግራፊክስ ካርድ መረጥኩለት፤ ‹ነጩ አለ?› አለኝ። ‹እሱ በነጭ አይሠራም› አልኩት። ‹እንግዲያው በነጭ የሚሠራውን› አይለኝም!»

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ምን ያድርግ፣ የጥርስ ሐኪም አይደል? ጥቁር ያየ እንደሆን የበሰበሰ ይመስለዋል» አለች።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ከዚያ መሰረዝና መጻፉን ቀጠለ። ነጩ ግራፊክስ ካርድ ከጥቁሩ በአራት ጣት ይረዝማል፤ ስለዚህ ኬዙ ትልቅ መሆን አለበት። ኬዙ ሲያድግ የውሃ ማቀዝቀዣውም ያድጋል። ስምንት ነጭ ማራገቢያ ፋን። ነጭ ራም። ማዘርቦርዱ ነጭ የተገኘው በሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሱን ሲጽፍ ቀኑን ሙሉ እንደተሸነፈ ሰው ተነፈሰ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እዚህ ላይ አልሰማውም። ማሽን የሚሞተው በዚህ ነው። ሰው ስለማያየው ከዚህ ላይ ይቀንሳል፤ አንድ ቀን ይኼ የማይታየው ነገር ሁሉን ይዞበት ይሄዳል። ጥቁሩን አደርጋለሁ፤ ከታች ስለሆነ አይታይም።»

ኮራሁበት። እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ኮራሁበት።

የጥቁሩን ሳጥን ገመዶች አመጣልኝና ዘጠኝ ቀን ነጭ አለበስኳቸው። እንደ ሙሽራ። ማሽኑ ተገጣጥሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ወንድም ጋሼ በስልክ ፎቶ አንስቶ አሳየን። ገመዶቹ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ተበጠረ ፀጉር ጎን ለጎን ወርደዋል። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቆየችና «ይኼ ያንቺ ነው?» አለችኝ። «የእኔ ነው» አልኳት።

ሐኪሙ ሊያይ መጣ። ዞረው፤ ጎንበስ አለ፤ ይበልጥ አጎነበሰ። ከመስታወቱ ጥግ በታች አንድ ጣት የማይሞላ ጥቁር ጠርዝ አገኘ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ፓወር ሰፕላዩ ነበር። ወንድም ጋሼ ማስረዳት ሲጀምር ባለሱቁ አቋረጠውና «ነጭ ይገዛለት» አለ። ከመንገዱ ማዶ ካለ ሱቅ ነጭ ተገኘ። የሌላ ፋብሪካ ነው፤ ጉልበቱ ግን አንድ ነው፣ አንድ ሺህ ዋት። ሐኪሙ እግረ መንገዱን ሁለት ጥቁር የፋን ገመዶችም አየ፤ እነሱም ይልበሱ ተባለ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ሊወስድ ተቀጣጠሩ።

ሁለቱን ትንንሽ ገመዶች ጠዋት አልብሼ ጨረስኩ። ወንድም ጋሼ ደወለ። «መውጣት አልቻልኩም፣ አንቺው አምጪልኝ። ሲጠይቁሽ ዕቃ አድርሺ ተብዬ ነው በይ።»

ሱቁን ከዚያ በፊት ከመንገድ ላይ እንጂ ከውስጡ አይቼው አላውቅም። ወርክሾፑ ከኋላ ነው። መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ማሽኑ እሱ ላይ ቆሟል። መስኮቱ ሥር ደግሞ ባዶ ካርቶን የተከመረባት አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አየሁ። ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ። ካርቶኑን በሐሳቤ አነሳሁት። ወስፌዬን በቀኝ፣ ናይለኑን በግራ አስቀመጥኩ። ብርሃኑ ከግራ ነው የሚገባው፤ ለዓይን ጥሩ ነው።

«ገመዱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ ሐኪሙ። ቀደም ብሎ መጥቶ ቆሟል።

«አዎ ዶክተር።»

«እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ስላመጣሁት ነው።

ወንድም ጋሼ ጎንበስ ብሎ ዘጠኝ ቀን ያለበስኳቸውን ገመዶች ነጩ ሳጥን ላይ ይሰካል። የነጩ ሳጥን የራሱ ገመዶች ከካርቶኑ እንደወጡ ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲያይ እጁ አያርፍም፤ አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። በሳጥኑ በኩል የሚሰካው ጫፍ ላይ አንዲት ቀዳዳ ሽቦ የላትም፤ ባዶ ናት። እኔ ባለበስኩት ገመድም አንዲት ባዶ ቀዳዳ ነበረች፤ ግን ጥግ ላይ ነበረች። ይቺ መሀል ላይ ናት። አጠገቧ ያሉት ሽቦዎችም ሌሎች ናቸው። ቀዳዳዎቹን ባላነብም ቤታቸውን አውቃለሁ።

«ወንድም ጋሼ።»

«እ?»

«ይኼ የራሱ ገመድ ነው አይደል? ባዶዋ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ናት እኮ።»

እጁ ቆመ። ዞሮ የያዝኩትን ገመድ አየው። ገብቶት ነበር፤ ወይም ሊገባው አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር።

«ምን አለች?» አለ ባለሱቁ።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «ፕሮፌሰር፣ አስተማሪም አለህ እንዴ?» አለው።

ሳቁ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ፊት ላይ ግን አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ።

«ምንም አይደለም» አለ። «አንድ ሺህ ዋት አንድ ሺህ ዋት ነው። የማይሆን ቢሆን መቼ ይገባ ነበር? ቀጭ ብሎ ገብቷል።»

«መግባቱስ ገብቷል፤ ግን…»

«ዕቃውን አድርሰሻል፤ በቃ!»

ለካ ሁለቱ ፋብሪካዎች ቀዳዳዎቹን የሚደረድሩት በተለያየ መንገድ ነው፤ ሁሉን ነቅሎ የሳጥኑን የራሱን ገመድ መሰካት ይችል ነበር። እኔም ያለበስኳቸውን ሽቦዎች ወደ አዲሱ ቤታቸው ለማዛወር ሦስት አራት ቀን ይበቃኝ ነበር። ግን እኩለ ቀን ሊሆን ነው፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ ባለሱቁ የወንድም ጋሼን እጅ ያያል። እሱም የማሽኑን ማብሪያ ተጫነው።

ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማን፤ አንዴ ብቻ። ፋኖቹ ግማሽ ዙር ዞረው ቆሙ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ።

ወንድም ጋሼ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ። ከፈተ፤ አሸተተ፤ በትንሿ ባትሪ አየ። ማዘርቦርዱ ሞቷል። በኋላ እንደታወቀው ፕሮሰሰሩንም ይዞት ሄዷል።

ባለሱቁ እኔ ያለበስኩትን ገመድና የነጩን ሳጥን የራሱን ገመድ ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። ሞኝ ሰው አይደለም።

«ገመዱ ነው» አለ። «አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

ወንድም ጋሼ ትንሿን ባትሪ አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

«እሷ ናት» አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ። «እህቴ ናት። ቤት የምታለብሳቸው እሷ ናት። እኔ እሷን አምኜ ሰካሁት። ተሳስታ ይሆናል።»

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ሱቅ ውስጥ ስሜ እስኪነሳ ስጠብቅ ነበር። እንግዲህ ተነሳ።

ባለሱቁ መጀመሪያ የደነቀው ሌላ ነገር ነው። «ይኼን ሁሉ ገመድ? እስከ ዛሬ ያለውን ሁሉ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በለስላሳ ድምፅ «ስንተኛ ክፍል ድረስ ተምረሻል እህቴ?» አለኝ።

«ስድስተኛ፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ምን ታድርግ፤ አታውቅም።»

ሐኪሙ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «እኔ ጽዳት ሠራተኛዬን ጥርስ አስነቅላለሁ እንዴ፣ ፕሮፌሰር?»

መናገር እችል ነበር። ለጥቁሩ ሳጥን ነው ያለበስኳቸው፤ ለጥቁሩ አንዲት ስህተት የለባቸውም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠራ አይታችኋል፤ አሁንም ገና ሳይበራ ተናግሬያለሁ፤ እናንተም ሰምታችሁ ስቃችኋል። ወንድም ጋሼን አየሁት። እጁን ይታጠብ ይመስል አንዱን በሌላው ያሻል። ብናገር ወርክሾፑም ይሄዳል፣ ጠረጴዛዋም ትሄዳለች። ዝም ብል የምትሄደው ጠረጴዛዋ ብቻ ናት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩት ባለሱቁን። ስወጣ ወደ መስኮቱ አላየሁም።

የሐኪሙ ማሽን በሳምንቱ በአዲስ ማዘርቦርድና በአዲስ ፕሮሰሰር ተሠርቶ ሄደ። ገመዱ ነጩ ሳጥን ይዞት የመጣው ነው፤ ጥቁርና ጠፍጣፋ። ሐኪሙ አሁን ነጭነቱን ትቶ እንዲሠራለት ብቻ ለመነ አሉ። ወንድም ጋሼም በወሩ መጨረሻ የአዲሱ ወርክሾፕ ኃላፊ ሆነ። ባለሱቁ በሠራተኞቹ ፊት ምን ብሎ አመሰገነው? «ሌላ ቢሆን ይደብቅ ነበር፤ እሱ ግን የገዛ እህቱ እንኳ ብትሆን እውነቱን ተናገረ።» ይኼን ራሱ ወንድም ጋሼ ነው የነገረን፤ ነግሮን ሳይጨርስ እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። ጣቶቼን ያዘቻቸው። በወስፌ የተበሱትን ቦታዎች አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው።

«ወንድምሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱ ቢወድቅ ማን ያነሳናል?»

«እኔን ማን ያነሳኛል፣ እማ?»

«አንቺማ መቼ ወድቀሽ ታውቂያለሽ» አለች። ልታሞግሰኝ መሰላት።

ሦስት ሳምንት ያህል ገመድ ሳላይ ቆየሁ። ወንድም ጋሼ በጊዜ ይወጣል፣ በጊዜ ይገባል፤ ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን የለም። በአራተኛው እሑድ፣ ምሳ ከተነሳ በኋላ፣ አንድ ከረጢት ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«አዲሱ ቦታ ሁለት ማሽን ታዟል» አለ። «አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ።»

ከረጢቱን አልነካሁትም።

«ሰዎቹ የመጡት ለገመዱ ነው። ከሌላ ቦታ ብናስመጣ እንዲህ አይሆንም።»

«ማን አለበሰው ልትላቸው ነው?»

«ከውጭ ታዞ መጣ እላለሁ።»

«ጠረጴዛ አለ እዚያ?»

ጠረጴዛውን አልካደኝም። «አለ። ባለሱቁ ሰው ይቀጠርበታል ብሏል። ዲፕሎማ ያለው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያን ቀን ምን ልበል ነበር? አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም እል ነበር» አልኩት። «‹ይኼን አላውቅም፣ ቆዩኝ ልየው› ትል ነበር። ምን አለበት?»

ጠብ ያነሳብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላነሳም። ያቺን ቃል ሲፈልጋት ያየሁት መሰለኝ። ሰው ያልለበሰውን ልብስ በአርባ ዓመቱ ልበስ ቢሉት እጅጌው የት እንዳለ አያውቅም። እናቴ ግድግዳው በኩል ዞራ ተኝታለች፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከትንፋሿ ይታወቃል፤ ሁለታችንንም ትጠብቃለች።

ከረጢቱን ስቤ ገመዶቹን አወጣኋቸው። ከሥራቸው የፓወር ሰፕላዩ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሳልጠይቀው ወረቀቱን ሲያመጣልኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ገልጬ አየሁትና መልሼ አጠፍኩት። ከመሳቢያው ባለቀለም ክሮቼን አወጣሁ።

«ርዝመቱ ስንት ይሁን?» አልኩት።

«ስልሳ ሳንቲሜትር» አለ፤ ተነሥቶም የምሳውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገልኝ።